ያልተነሣው ባቡር

ገዳሪፍ፣ ጥር 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ውዴ፤ አይከል።

የተወለድንበትን ቤት እስከ ዛሬ ያቆመ አምላክ አንቺንም ምሥራቅንም ይጠብቅልኝ። እኔና ባለቤቴ ዙሌካ ደኅና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት አልነሣም ይለኛል።

ልጅሽ ታምሬ በሰላም እጄ ገብቷል። ልብሽ እንዲያርፍ ከሌላው ወሬ ሁሉ አስቀደምኩት። በመተማ ከተሻገረ በኋላ ዶካ አካባቢ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሟል። አጨዳው አልቆ ጓደኞቹ ወደ አገር ሲመለሱ እሱ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ገዳሪፍ መጣ። ባቡር ጣቢያውን ጠይቆ፣ ከዚያ የሠራተኞቹን ሰፈር ጠይቆ፣ በራችንን አንኳኳ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ዙሌካ ከፍታ ስታየው፣ ገና ስሙን ሳይነግራት፣ «አንተ የላቀው የእህት ልጅ ነህ፤ ግንባርህ ይናገራል» አለችው። ማታ ስመጣ ጓሮ ተቀምጦ ከሷ ጋር ሲሣሣቅ አገኘሁት። እኔ ትቼው የወጣሁት በጀርባሽ ያዘልሽውን ሕፃን ነበር፤ የቆመልኝ ግን በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ጎልማሳ ነው። እንደ አባቱ እንደ ይታያል ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ባቡር ላይ ምን እንደምሠራ በየደብዳቤው ትጠይቂኛለሽ። እዚህ እኛን ደሪሳ ይሉናል፤ ሐዲድ ጠጋኞች ማለት ነው። ጠዋት በእጅ የሚገፋ ጋሪ ሐዲዱ ላይ እናስቀምጥና መዶሻና ዶማ ጭነን እንወጣለን። የላላ ብሎን እናጠብቃለን፤ ከሐዲዱ ሥር የሸሸ ጠጠር እንመልሳለን፤ ፀሐይ ያጎበጠውን እናቃናለን። ባቡሩ ሲያልፍ ዳር ቆመን እናሳልፈዋለን። ተሳፋሪው ማን እንደሆንን አያውቅም።

ታምሬ ይህን ሲሰማ «እኔም ልሥራ» አለ። አለቃችን ሁዜይፋ ደግ ሰው ነው፤ ላናግረው አስቤያለሁ።

ወንድምሽ ላቀው


አይከል፣ የካቲት 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ላቀው።

እኔ ውዴ ነኝ፤ እጁ የምሥራቅ ነው። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ፊደሏ ካላማረህ እሷን ውቀስ። እመቤቴ በሄድክበት ሁሉ ጥላ ትሁንህ። ለዙሌካም ሰላም በልልኝ፤ ልጄን በስሙ ሳይሆን በግንባሩ ያወቀች ሴት ለኔ እህቴ ናት።

ደብዳቤህ ሲነበብ እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ። ሰሊጥ አጭዶ ይመጣል ብዬ ነበር የላክሁት፤ አሁን ብረት ላይ ሊሠራ ነው ትለኛለህ። እኔ ባቡር አላየሁም። ምሥራቅ በመጽሐፏ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየችኝ፤ ቤቶች በሰልፍ ሆነው ሲሄዱ ይመስላል። እንዲያ ያለ ነገር ሲመጣ ማን ነው ቁም የሚለው? ሰውስ ከፊቱ ቢገባ ያየዋል? ይህን ጠይቀህ ንገረኝ።

ላቀው፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ይታያል ዘመቻ ከሄደ ጀምሮ ሞቷል ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። ጥቁር ልልበስ ስል ሰው ይከለክለኛል፤ ነጭ ስለብስ ሰው ያየኛል። እንዲህ ሆኜ ልጆቹን አሳድጌአለሁ። ታምሬ ላይ ያየኸውን ሁሉ፣ ቢታመምም ቢያጠፋም፣ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።

ለፋሲካ ስደደው። ያጨንለት ልጅ አለች፤ ወላጆቿ ቤታችንን አይተው ወደዋል። ፎቶግራፉንም አስነሥተህ ላክልኝ፤ እስኪመጣ እሱን አያለሁ።

እህትህ ውዴ


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 28 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ውዴ።

ጾሙን በሰላም አስፈትቶ ለትንሣኤው ያድርስሽ። ደብዳቤሽን ታምሬ ራሱ አነበበልኝ። «ቤቶች በሰልፍ» ያልሽው ላይ ሲደርስ ሣቀና አነባበቡን አቋርጦ ለዙሌካ ተረጎመላት።

ቁም የሚለውማ እንዲህ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ናዚር ይባላል። ባቡር ከወዲያኛው ጣቢያ ሲነሣ እዚያ ያለው ናዚር ለኛው ናዚር በስልክ ይደውላል፤ «ጋም» ይለዋል፤ ተነሥቷል ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ሐዲዱ ላይ ያለን ሰዎች ጋሪያችንን አንሥተን ገለል እንላለን። ሐዲዱ የተበላሸ እንደሆነ ግን ከኛ አንዱ ቀይ ባንዲራ ይዞ ባቡሩ ወደሚመጣበት ይሮጣል። ራቅ ብሎ መሄድ አለበት፤ ባቡር እንደ በቅሎ ልጓም ስለተሳበ ወዲያው አይቆምም፤ ካዩት በኋላም ብዙ ይንሸራተታል። ባንዲራ የያዘ ሰው ባቡሩ እስኪመጣ ወይም ሌላ ሰው እስኪተካው ቦታውን አይለቅም።

ያ ሥራ ዛሬ የታምሬ ነው። ሁዜይፋ ከቀጠረው በኋላ እግሩን አይቶ ሰጠው። «አንተ ላቀው» አለኝ፣ «ይህን ልጅ እስከ ዛሬ የት ደብቀህብኝ ነው? የኛ እግር እኮ አርጅቷል።»

ሥራው ከብዶታል እንዳትይ። አጨዳ ላይ የሚያወርዱትን ዜማ እዚህ አመጣው። ሐዲድ ስናነሣ እሱ ያወጣል፤ እነ አሊ፣ አንድ የአማርኛ ቃል የማያውቁት፣ «ሆ» ብለው ይቀበሉታል። አንድ ቀን ባቡር ቆሞ ውሃ ሲሞላ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰማን። ሻይ የምትሸጠው ሳፊያ ሁላችንንም ሻይ ጋበዘችን፤ ከዚያ በፊት ደሪሳን ሻይ የጋበዘ ሰው አላውቅም።

ለፋሲካ አይደርስልሽም። ከኸሪፍ በፊት፣ ዝናቡ ሳይገባ ማለቴ ነው፣ ሐዲዱን ማጠናከር አለብን፤ ሰውም ጎድሎናል። ክረምቱ እንዳለፈ እልክልሻለሁ። ፎቶግራፉ ከዚህ ጋር አለ። ሸሚዙ የኔ ነው።

ወንድምሽ ላቀው


አይከል፣ ሰኔ 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ላቀው።

ቸሩ መድኃኔ ዓለም ዝናቡን የበረከት ያድርግልህ። ፎቶግራፉ ደረሰኝ። ከስቷል፤ ግን ቆሞ አየሁት። ጎረቤት ሁሉ ተቀባበለው፤ የልጅቱም ወላጆች አይተውታል። «ጠይሟል» አሉ፤ «የሱዳን ፀሐይ ነው፤ እዚህ ሲመጣ ይመለሳል» አልኳቸው።

ከክረምት በኋላ ስላልከኝ እነሱም ለጥር ቆርጠዋል። ከጥር እንዳያልፍ። ልጅቱን ሌላ ሰው ጠይቋታል።

ባንዲራ ያልከውን ግን አልወደድኩትም። ከፊቱ ሄዶ መቆም ለምን የኔ ልጅ ይሆናል? ዳር የሚቆምበት ሥራ ስጡት። ሁዜይፋን እናቱ ብላለች በለው።

እህትህ ውዴ


ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽ እህቴ ለእታለም ውዴ።

እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ዘመኑን በሰላም ያሻገረን የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ምሥራቅ እንደምን ናት? ትምህርቷን አትተው። ላሞቹ እንዴት ናቸው? መሪጌታስ በሕይወት አሉ? ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

ሳልጽፍልሽ ወራት ማለፉን አውቃለሁ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል በገባው ጠብ ድንበሩ ተዘግቷል፤ ሰው በጫካ ነው የሚያልፈው። ኸሪፉም ዘንድሮ ከባድ ነበር፤ ብዙ ሐዲድ ወስዷል።

ባቡሩ እየቀረ ነው፣ እታለም። እኔ ስመጣ እንዲህ አልነበረም። ያን ጊዜ ባቡር ሲገባ ከተማው በሙሉ ጣቢያ ይወርድ ነበር። ከጣሪያው ላይ ሰው እንደ ወፍ ሰፍሮ ይመጣል፤ ኩምሳሪው፣ ቲኬት የሚቆጣጠረው ሰው፣ እየጮኸ ከሥር ከሥራቸው ይሮጣል፤ እነሱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይዘላሉ። የማሽላው ከረጢት ከጣቢያው ግቢ አልፎ እስከ መንገዱ ይከመር ነበር። ሐሰን የሚባል ነጂ ነበረ፤ የሚስቱ ቤት ከሐዲዱ አጠገብ ስለነበር ከሩቅ ሁለት ጊዜ ያፏጫል፤ እሷ በበሩ ላይ ትቆማለች፤ የምሳውን ሳሕን ለረዳቱ ታቀብለዋለች፤ ባቡሩ ግን አይቆምም። እኛ ደሪሳዎቹ ሁልጊዜ እናይ ነበር፤ አንድ ቀን ይወድቃል ብለን እንወራረድ ነበር፤ አልወደቀም። ወደ ሐጅ የሚሄዱትን ይዞ ወደ ፖርት ሱዳን ሲያልፍ ሰው ሁሉ እጁን ያወጣል፤ ስለማናውቃቸው ሰዎች ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። ሐዲዱ ላይ ጆሮዬን ጥዬ መምጣቱን እሰማ ነበር፤ ብረቱ ቀድሞ ይዘምራል። አሁን ጆሮዬን ብጥልም ዝም ነው። ናዚሩ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይውላል። ሳፊያ ምጣዷንና ጀበናዋን ሰብስባ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳለች።

ታምሬን በተመለከተ ደጉ በቃሉ ይነግርሻል። ደጉ እዚህ አብሮን የኖረ የጭልጋ ልጅ ነው፤ በጫካ ተሻግሮ ይመጣል፤ ቤትሽን በምልክት ነግሬዋለሁ። ስሚው።

እግዚአብሔር ያበርታሽ።

ወንድምሽ ላቀው


አይከል፣ ጥር 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ላቀው።

ደኅና ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ስለኔም አልነግርህም። ደብዳቤህን ምሥራቅ ደጋግማ አነበበችልኝ። ላሞቹን ጠየቅህ። መሪጌታን ጠየቅህ። ከዚያ ባቡር፣ ባቡር፣ ባቡር። ሐሰን የሚባል የማላውቀው ሰው ምሳውን እንዴት እንደተቀበለ ነገርከኝ። ልጄ ምሳውን እንዴት እንደሚበላ አልነገርከኝም።

ደጉ መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ ብቻውን መጣ። ይህን አይቼ ደስ አለኝ፤ ክፉ ወሬ የያዘ ሰው በጠዋት ከሽማግሌ ጋር ነው የሚመጣው ብዬ። አስገባሁት። ጠላ ቀዳሁለት፤ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ አልጠጣም።

«ታምሬን አየኸው?» አልኩት።

«የሚሠራበትን ቦታ አይቻለሁ፣ እናቴ» አለኝ።

«እሱንስ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አየና፣ «መንገዱ አድክሞኛል፤ ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ተነሣ። ጠላውን እዚያው ተወው። በማግስቱ ምሥራቅን ወዳደረበት ቤት ብልካት ጎህ ሳይቀድ ወደ ጎንደር ሄዷል አሏት።

ጥር ተጋምሷል። የልጅቱ ወላጆች ትናንት መጥተው ምንም ሳይሉኝ ተቀምጠው ሄዱ። ሰው ሁሉ ቤቴ መጥቶ ዝም ብሎ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ላቀው፣ ታስሮ ከሆነ ታስሯል በለኝ። እግሩ ተቆርጦ ከሆነ ተቆርጧል በለኝ፤ አዝዬ አኖረዋለሁ። የይታያልን ታውቃለህ። ሁለተኛ አታድርግብኝ።

ውዴ


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ውዴ።

ደጉን አትቆጪው። የሰጠሁት ሸክም ከሱ በላይ ነበር።

እኔ ራሴ እመጣለሁ። ፊትሽ ቆሜ የምናገረው አለኝ፤ በወረቀት የሚሆን አይደለም። ለጊዜው ግን መውጫ የለኝም። የደሪሳውን ቡድን በትነውናል፤ ሥራ የለም፤ ሐዲዱ ሣር ለብሷል። የመኖሪያ ወረቀቴ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነበርና አሁን መንገድ ላይ ፍተሻ ቢይዘኝ የማቀርበው የለኝም። በጫካው እንዳልመጣ ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። የሠራተኞቹንም ሰፈር ልቀቁ ብለውናል። ዙሌካ ዕቃውን አሥራ በር ላይ አስቀምጣለች፤ የት እንደምንሄድ ገና አላወቅንም። ሁዜይፋ ወደ ፋው ሄዶ የመስኖ እርሻ ላይ ዘበኛ ሆኗል። አሊ ታሟል።

ድንበሩ ይከፈታል ይላሉ። የተከፈተ ቀን እነሣለሁ። እስከዚያ ታገሺኝ።

ላቀው


አይከል፣ ሐምሌ 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ላቀው።

«እመጣለሁ» ብለህ ጽፈሃል። «እንመጣለን» አላልክም። ምሥራቅ እዚያ ላይ ስትደርስ «ውኃ ጠምቶኛል» ብላ ወጣች። ልጅቱም አውቃለች።

እኔ አውቄአለሁ፣ ላቀው። ያወቅሁት ደጉ ጠላውን ያልጠጣ ዕለት ነው። ግን ያወቅሁትን ማን ይቀበለኛል? አባ ጋ ሄጄ «ለልጄ ፍታት አድርጉልኝ» አልኳቸው። «ሞተ ያለሽ ማነው?» አሉኝ። «ማንም» አልኳቸው። «እንግዲያው እንዴት አደርጋለሁ ልጄ?» አሉኝ፤ እሳቸውም አለቀሱ። ደረቴን ልመታ ስነሣ ጎረቤቶቼ እጄን ይይዙታል፤ «ሟርት ነው፤ በቁም ያለን ሰው አታልቅሺበት» ይሉኛል። ለይታያል እንዲህ እንዳደረጉኝ። ሁለት ሰው በሬን ዘግቼ በልቤ ቀበርኩ። ሦስተኛ ቦታ የለኝም።

መርዶ በወረቀት አይነገርም ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ወጉን እኔም አውቃለሁ። ድንበሩ ግን ወጋችንን አያውቅም። ስለዚህ በወረቀት ይምጣ። ጻፈውና ፖስታውን በአባ ስም አድርገው፤ ምሥራቅ አትከፍተውም። አባ በጠዋት ጎረቤቱን ይሰበስባሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ እጠብቃለሁ። በወጉ ይሆናል።

እንዴት እንደሆነም ጻፍ። ሥራው ላይ ከሆነ ሥራውን ጻፍ። ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ።

ውዴ


ገዳሪፍ፣ መስከረም 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

በእህቴ በውዴ ቤት፣ ጎረቤትና ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ በአባ አፍ የሚነበብ።

እታለም፣ ልጅሽ ታምሬ ይታያል አርፏል። ካቻምና ነሐሴ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ያጥናሽ። እዚህ ላይ አባ ማንበብ ያቁሙልኝ፤ አልቅሳ ስታበቃ ይቀጥሉ።

ከጠዋቱ ጀምር ብለሽኛል። ዝናብ ሲዘንብ ነበር ያደረው፤ ሲነጋ ግን አባራ። ዙሌካ ገንፎ ሠርታለት በልቷል፤ ሳሕኑን ራሱ አጥቦ አስቀመጠ። ወደ ጣቢያ ስንሄድ ስለ ሠርጉ ያወራኝ ነበር፤ ጥር ላይ አብሬው እንድመጣ ይለምነኝ ነበር። «ጫማ ይዤልሽ መጣሁ ብላት ልኳን አላውቀውም» ብሎ ሣቀ።

ጣቢያ ስንደርስ የስልኩ ሽቦ በዝናቡ ተበጥሶ ናዚሩ መነጋገሪያውን ይዞ «አሎ፣ አሎ» ይላል። ከካሰላ በኩል ባዶ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ይመጣል ተብሎ ነበር። ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም የሚል ሰው አልተገኘም። በኛ ሥራ ያልታወቀ ባቡር እንደተነሣ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሐዲዱን ለማየት በጋሪው ወጣን።

አንድ ኾር አለ፤ በበጋ ደረቅ፣ በዝናብ ወንዝ የሚሆን። እዚያ ስንደርስ ውሃው ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር በልቶት ሐዲዱ ከነማገሩ እንደ መሰላል አየር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ባቡሩ የሚመጣው ከማዶ ነው። ሁዜይፋ «ባንዲራ!» ሲል ታምሬ ቀዩን ይዞ ተነሥቶ ነበር።

«ቆይ፣ በገመድ እንሰርህ» አለው ሁዜይፋ።

«ባቡሩ ይቆይልኛል?» አለውና በተንጠለጠለው ብረት ላይ እየረገጠ ተሻገረ። ከማዶ ሲደርስ ዞሮ እጁን አነሣልን። ከዚያ ሮጠ። ሐዲዱ እስከሚጠመዘዝበት ድረስ ሄዶ ቆመ፤ ከኛ ዘንድ ቀዩ ብቻ ይታይ ነበር።

እኛ ከዚህኛው በኩል ድንጋይ እየጣልን አፈሩን ለመያዝ ስንታገል ረፋዱ አለፈ፤ ቀኑ ጋለ። ባቡር የለም። በፉጨትም በእጅም ጠራነው፤ አልመጣም። ባንዲራ የያዘ ሰው ቦታውን አይለቅም ብዬሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከወዲያኛው ጣቢያ በግመል የተላከ ሰው ደረሰለት። ወዲያ ማዶም ሐዲዱ ተቆርጧል፤ ባቡሩ ጭራሽ ከካሰላ አልወጣም። ታምሬ ይህን ሲሰማ ሊነግረን ወደኛ ሮጠ። ባንዲራውን ከራሱ በላይ እያውለበለበ፣ «ማ ጋም! ማ ጋም!» ለነሱ በዐረብኛ፣ «አልተነሣም አጎቴ! አልተነሣም!» ለኔ በአማርኛ፤ እየሣቀ ነበር። ሁዜይፋ «እዚያው ቁም!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። የውሃው ድምፅ ነው ወይስ ደስታው፣ አልሰማንም። መሐል ሲደርስ ከማዶ ያለው አፈር በሙሉ ተንዶ ወረደና ሐዲዱ ታምሬን ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ።

አሊና እኔ ገባን፤ ውሃው መልሶ ጣለን። ያገኘነው ኾሩ ሲጎድል፣ ከታች፣ የማሽላ ማሳ ውስጥ ነው። ፊቱ አልተጎዳም። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። እዚህ ያሉ ስደተኛ ቄስ ፈትተውታል፤ ገዳሪፍ ባለው የሐበሻ መቃብር በክርስትና ስሙ ተቀብሯል። ሁዜይፋና አሊ ከኛ ጋር ተሸክመውታል፤ ናዚሩም መጥቶ ቆሟል። ዙሌካ ከዚያ ቀን ወዲህ ገንፎ አትሠራም።

በዚያ በኩል ከዚያ ወዲህ ባቡር አላለፈም። የተናደውን የጠገነ የለም። ልጅሽ ሊያስቆመው የሄደው ባቡር ያልነበረ ባቡር ነው፣ እታለም። ይህን ልናገር ስል ነው አፌ የሚያዘው። ሰው አድኖ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ድሮ በጻፍኩልሽ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ ሌላ ባቡር ይጽፋል፤ ሰው የሞላበትን፣ በሰዓቱ የሚገባውን።

አሁን እኔና ዙሌካ ከከተማው ዳር በቆርቆሮና በጆንያ በሠራናት ጎጆ ውስጥ ነን። እሷ ዘመድ የላትም፤ ልቧ ካንቺ ጋር ነው። ድንበሩ ሲከፈት ይዣት ልምጣ? የአባታችን ቤት ጥግ ይበቃናል። ከናንተ ጋር ልሙት። ሌላ የምመኘው የለኝም።

ወንድምሽ ላቀው


አይከል፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ላቀው።

ተነበበ። አባ በጠዋት መጡ፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ነበሩ፤ ግቢው ሞላ። አቁሙ ያልከው ላይ አቆሙ። እጄን የያዘኝ የለም። ለታምሬ ሳለቅስ ይታያልንም አብሬ ጠራሁት፤ ማንም አልከለከለኝም። ጥቁር ለብሻለሁ፤ ለሁለቱም አንድ ልብስ። ተዝካሩንም አወጣን።

ልጅቱን ድረዋታል። በለቅሶው መጥታ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ናት።

ያልነበረ ባቡር ያልከውን ቀን ከሌት አስበዋለሁ። የሚጮኸው ይሰማኛል። «አልተነሣም» ሲል እየሣቀ ነበር ብለሃል። ያን ባትጽፈው ደግ ነበር፤ ጻፍ ያልኩህ ግን እኔ ነኝ።

ልምጣ ወይ ብለሃል። አትምጣ፣ ላቀው። አልጠላሁህም። የመተማ መኪና እዚህ መንገዱ ላይ በቆመ ቁጥር እስከ ዛሬ እወጣለሁ። ቀብሬዋለሁ፤ ለብሼለታለሁ፤ እግሬ ግን አልሰማም፤ ይወጣል። አንተ ከዚያ መኪና ስትወርድ ዓይኔ አንተን አያይም። ከኋላህ የሚወርደውን ነው የሚፈልገው። በሩ ይዘጋል፤ መኪናው ይሄዳል። ያን አንድ ቀን የምችልበት አቅም የለኝም።

እዚያው ሁኑ፣ አንተም ዙሌካም። እናት የሌለው ሰው መቃብር ሣር ይውጠዋል። በየጊዜው እየሄዳችሁ ንቀሉለት። አጠገቡ ተቀምጠህ በአማርኛ አውራው።

እህትህ ውዴ